«ፎቶ አይወጣልኝም»፦ ከፊታችን በፊት ካሜራውን እንጠይቅ

ባለፈው ዓመት አክስቴ አረፈች። ድንኳኑ በተተከለ ማግስት ከዘመድ አንዱ «ፎቶዋን አምጡ እንጂ፣ ተለቅ አድርገን እናሳትመው» አለ። ቤት ውስጥ ያለነው ሁሉ ስልካችንን አወጣን። ሦስት ልጆች ድራለች፣ የስንቱን ልጅ ክርስትና አንስታለች፣ ፋሲካ ሲሆን ቤቷ በሰው ይሞላል። የእሷ ፎቶ ግን የለም። ባሉትም ላይ ወይ ፊቷን በነጠላዋ ጋርዳለች፣ ወይ ዞር ብላለች፣ ወይ ከሰው ጀርባ ግማሽ ግንባሯ ብቻ ይታያል። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶ አስጎልተን አሳተምን። እዚያ ላይ ያለችው ሴትዮ የደነገጠች ናት እንጂ አክስቴን አትመስልም።

«እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» ትል ነበር። እናንተም ቤት እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ምናልባትም እናንተው ናችሁ።

ከለቅሶው በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። «በራስ መተማመን የሚታይበት፣ ተፈጥሯዊ የሆነ ፎቶ እንዴት መነሳት ይቻላል?» የሚሉ ቪዲዮዎችንና ጽሑፎችን እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ። ብዛታቸው ጉድ ነው! አገጭ ወደ ፊት፣ ትከሻ ወደ ኋላ፣ ክብደት በአንድ እግር ላይ፣ እጅ ኪስ ውስጥ፣ ደረት ቀና፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ዘና በሉ»። እንዲህ ታስሮ ማን ዘና ይላል? ምክሮቹ ይለያዩ እንጂ የሚነሱት ከአንድ ግምት ነው፦ ፎቶው ካላማረ ጥፋቱ የተነሺው ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ አንድ ቴርሞሜትር ፊት ለፊታችን ቆሞ የሚስቀውን ጤነኛ ሰው «ሙቀቱ 42 ዲግሪ ነው» ቢለን፣ ሰውየውን ሐኪም ቤት ከመውሰዳችን በፊት ቴርሞሜትሩን እንፈትሻለን። ካሜራም መለኪያ መሣሪያ ነው፤ የሚለካው ብርሃን ነው። እንደማንኛውም መለኪያ ስልታዊ ስህተት አለው፤ ማለትም በዕድል የሚመጣ ሳይሆን በታወቀ አቅጣጫ፣ በታወቀ መጠን የሚደጋገም ስህተት። ስለዚህ ዛሬ ምክሮቹን አብረን እንፈትሻቸው። የትኛው ማስረጃ አለው? የትኛው የለውም? የትኛውስ የካሜራውን ጥፋት ሰው ላይ ይለጥፋል?

ደረት ነፍቶ መቆም

ከምክሮቹ ሁሉ የሳይንስ ካባ የደረበው «ፓወር ፖዝ» የሚባለው ነው። እግርን ከፈት፣ እጅን ወገብ ላይ፣ ደረትን ነፋ አድርጎ ሁለት ደቂቃ መቆም፤ ከዚያ በራስ መተማመኑ ከውስጥ ይመጣል ይባላል።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ2010 ዴና ካርኒ፣ ኤሚ ከዲ እና አንዲ ያፕ «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። የተሳተፉት 42 ሰዎች ነበሩ። ገሚሶቹ ሰፋ ባለ፣ ገሚሶቹ ኩምትር ባለ ሁለት ሁለት አኳኋን፣ እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ እንዲይዙ ተደረገ። በሪፖርቱ መሠረት ሰፋ ባሉት ላይ ቴስቶስትሮን ጨመረ፣ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ቀነሰ፣ በገንዘብ ለመድፈር ያላቸው ፍላጎትም ከፍ አለ። ከዲ ይህንኑ በ2012 በቴድ መድረክ አቀረቡት፤ ንግግሩም በመድረኩ ታሪክ ብዙ ሰው ካያቸው አንዱ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ሌሎች ሊደግሙት ሲሞክሩ ነው። በ2015 ኢቫ ራነሂልና ባልደረቦቿ 200 ሰዎችን ይዘው ሞከሩት። ሆርሞኑ አልተነቃነቀም፤ ድፍረቱም አልጨመረም። የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዎቹ «ብርታት ተሰምቶኛል» ብለው መለሱ። በ2016 ደግሞ የመጀመሪያው ጥናት መሪ ደራሲ ካርኒ ራሳቸው ውጤቱ እውነተኛ ነው ብለው እንደማያምኑ በጽሑፍ አሳወቁ። ከዲ በበኩላቸው ቢያንስ የስሜቱ ለውጥ አለ ብለው ይከራከራሉ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጥናቱ የለካው ምራቅ ውስጥ ያለ ሆርሞንና ስሜት ነው እንጂ ሰው ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚታይ አይደለም። ታዲያ የፎቶ ምክር ሆኖ እንዴት መጣ? ደረት መንፋት ብርታት የሚሰጣችሁ ከሆነ ንፉት፣ ማንንም አይጎዳም። «ሳይንስ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ።

አፍንጫችሁ አላደገም

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ሰልፊ ስንነሳ ስልኩ ከፊታችን 30 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ከአፍንጫችሁ ጫፍ እስከ ጆሯችሁ ያለው ጥልቀት 12 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ስልኩ ከአፍንጫችሁ 30 ሳንቲሜትር ከራቀ፣ ከጆሯችሁ የራቀው 42 ነው። ፎቶ ላይ የአንድ ነገር መጠን ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ አፍንጫችሁ ከጆሯችሁ አንጻር 42 ሲካፈል ለ30፣ ማለትም 1.4 እጥፍ ተጋኖ ይወጣል።

ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡና አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። አሁን 162 ሲካፈል ለ150 ነው፤ 1.08 ብቻ። ሁለቱን ስናነጻጽር የሰልፊው አፍንጫ 30 በመቶ ገደማ ተልቋል ማለት ነው። ፊታችሁ ያው ነው። ፖዛችሁም ያው ነው። የተለወጠው ርቀት ብቻ ነው።

ይህ የእኔ የጓዳ ሂሳብ ብቻ አይደለም። በ2018 በአንድ የፊት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እነዚህኑ ሁለት ርቀቶች በሂሳብ ሞዴል አነጻጽሮ፣ የአፍንጫ ስፋት ከፊት ስፋት አንጻር ለወንዶች 30፣ ለሴቶች 29 በመቶ ጨምሮ እንደሚታይ አሳይቷል። ከአጥኚዎቹ አንዱ የሆኑት ሐኪም ሰዎች ሰልፊ ይዘው እየመጡ «አፍንጫዬን አሳንሱልኝ» እንደሚሉ ተናግረዋል። እስቲ አስቡት፣ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ምክንያት ቢላ ስር መተኛት!

አንዳንዱ መካሪ «ሌንስ ቀይሩ» ይላል። ሌንሱ አይደለም። የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ካሜራው ያለበት ርቀት ነው። አጉሊው ሌንስ ፊትን የሚያሳምረው አንሺው ወደ ኋላ እንዲሸሽ ስለሚያስገድደው ነው። ያለ እሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በኋላ ፎቶውን መቁረጥ ይቻላል።

ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ዕዳ

የሠርግ ወይም የምረቃ የቡድን ፎቶ ላይ ሁሌ «ወፍሬ ወጣሁ» የሚል ሰው አለ። የት ቆሞ እንደነበር ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው።

የስልክ ዋናው ካሜራ ወደ ጎን 70 ዲግሪ ገደማ ያያል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ያለው ሰው ከመሃሉ 35 ዲግሪ ይርቃል። ሌንሱ ቀጥ ያለ ግድግዳን ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ሲል ጠርዝ ላይ ያለውን ሁሉ ይለጥጣል። ክብ ነገር ምን ያህል እንደሚለጠጥ ማወቅ ከፈለጋችሁ 1ን ለ35 ዲግሪ ኮሳይን አካፍሉ፤ 1.22 ይመጣል። የሰውየው ጭንቅላት 22 በመቶ ሰፍቷል ማለት ነው። «0.5» የሚለውን ሰፊ ካሜራ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ «ጎን ለጎን ዞር ብለህ ቁም፣ ቀጭን ትመስላለህ» የሚለው ምክር ምን ይጠቅማል? መፍትሔው አንሺው ወደ ኋላ እንዲርቅና ዳርና ዳር ባዶ ቦታ እንዲተው ነው። ቤተሰቡን በሁለት ረድፍ ማቆምም ይሠራል።

ነጭ ቀሚስ፣ የጠፋ ፊት

ይህኛው ወደ ቤታችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በዓል ሲሆን እናቶቻችን ነጭ ይለብሳሉ። ቀሚሱ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ ግድግዳውም ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ፎቶው ሲታይ ጥለቱ ቁልጭ ብሏል፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳን አይለይም። ከዚያ «እኔ ድሮም አያምርብኝም» ይመጣል።

የሆነው ይህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ያንጸባርቃል ብሎ ከሚነሳ አሮጌ ስምምነት የወረሰው ባሕርይ አለው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ግን 90 በመቶ ሊያንጸባርቅ ይችላል። አምስት እጥፍ! ትዕይንቱ በነጭ ከተሞላ መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ጨርቁን ግራጫ ሊያደርግ ሲሞክር ፊቱን ጨለማ ውስጥ ይጥለዋል። የዛሬ ስልኮች ፊትን ፈልገው ያስተካክላሉ፤ ከጀርባ መስኮት ወይም ፀሐይ ካለ ግን አሁንም ይሳሳታሉ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ስህተቱ ይበልጥ የሚከብደው በአጋጣሚ አይደለም። ታሪክ አለው። ለአሥርት ዓመታት የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው «ሸርሊ ካርድ» ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ትክክል ነው ይባል ነበር። የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲዋ ሎርና ሮዝ ይህን ታሪክ አጥንተዋል። ፊልሙ ጥቁር ቀለሞችን በተሻለ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩበትም ጽፈዋል። የቸኮሌት አቤቱታ ከሰው አቤቱታ ቀድሞ ተሰማ ማለት ነው።

ነገሩ በፊልም ዘመን አላበቃም። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ፊትን አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈተሹ። ቆዳቸው ቀላ ባለ ወንዶች ላይ የተገኘው ከፍተኛ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከዚህ ሥራ የምወደው መሣሪያው ሲሳሳት ፊቱን ሳይሆን መሣሪያውን መፈተናቸውን ነው። ጉግልም በ2021 ስልኩ ላይ ለተለያዩ የቆዳ ቀለሞች የተስተካከለ አሠራር ማምጣቱ ጥፋቱ የት እንደነበር ይነግረናል።

«ሳቅ በል!»

የፈገግታው ምክር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካ አጠና። የእውነት ደስታ ከንፈርን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻም ያንቀሳቅሳል፣ ይህም በፈቃድ አይታዘዝም አለ። «በዓይናችሁ ሳቁ» የሚለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ግን ብዙ ሰው ይህንንም አስመስሎ ማድረግ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ምክሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ የእውነተኛነት ማኅተም ግን አይደለም።

ደግሞስ መሳቅ ግዴታ ነው እንዴ? ፎቶ በ1839 ለሕዝብ ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ተነሺዎች ጭንቅላታቸውን በብረት ድጋፍ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ኮስተር ማለቱ በከፊል የቴክኖሎጂው ዕዳ ነው። በእኛ ቤተ መንግሥት የቦያጂያን ቤተሰብ ያነሷቸውን ዓይነት ፎቶዎች ስናይ ግን ካሜራው ፈጥኖም ሰዉ ኮስተር እንዳለ ነው። ለአያቶቻችን ፎቶ መነሳት ክብር ነበር፤ ክብር ደግሞ ጥርስ አይታይበትም። አያታችሁን «ሳቂ እንጂ» እያላችሁ ስታጨናንቁ የሌላ አገር ልማድ እየጫናችሁባት ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ችግር ግን ፈገግታው ሳይሆን ቅጽበቱ ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የአንድን ሰው ፊት በቪዲዮና ከዚያው ቪዲዮ በተቆረጡ ነጠላ ምስሎች አነጻጸረ። ተመልካቾች ተንቀሳቃሹን አስበልጠው ወደዱት። አጥኚዎቹ «የደረቀ ፊት ውጤት» የሚል ስም ሰጡት። ሰው ሲናገር፣ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሊስቅ ሲል መሃል ላይ ቢቆረጥ ማንም እንግዳ ይመስላል። የአክስቴ ጉርድ ፎቶም እንዲህ ያለች አንዲት ቅጽበት ናት። «ቀና በይ፣ አትንቀሳቀሺ»፣ ቀጭ! በቃ። ከአንድ ናሙና ድምዳሜ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር የለም። የሰውን ፊት ግን ከአንድ ናሙና እንፈርድበታለን።

ስንት ማንሳት ይበቃል? የአውስትራሊያው ፒርስ ባርንስ ለቡድን ፎቶ አስልቶታል፤ ሥራው በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከ20 ሰው በታች ከሆናችሁና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ የሰዉን ቁጥር ለ3 አካፍሉት፤ ያን ያህል ጊዜ ብታነሱ ማንም ዓይኑን ያልጨፈነበት አንድ ፎቶ ማግኘታችሁ አይቀርም። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ለ2 አካፍሉ። 12 ሰው ከሆናችሁ አራት ወይም ስድስት ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ምክር ነቅፎ ምክር አለመስጠት አያምርም። የእኔ ምክሮች አብዛኞቹ ለአንሺው ናቸው፣ ለተነሺው አይደሉም።

አንደኛ፣ ራቁ። ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቢቻል ሁለት ሜትር። ካሜራውን በተነሺው ዓይን ከፍታ ያዙት።

ሁለተኛ፣ መስኮት ፈልጉ። መስኮቱ ከተነሺው ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ ወይም ከጎኑ ይሁን። ውጭ ከሆናችሁ ከቀትር ፀሐይ ወደ ጥላ ግቡ።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ፤ አሁንም ከጨለመ የብርሃኑን ምልክት ወደ ላይ ግፉት። ጨርቁ ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደለም፤ የምትፈልጉት ፊቱን ነው።

አራተኛ፣ ብዙ አንሱ፣ እያወራችሁ አንሱ። ቡና እየቀዳች ወይም ሽንኩርት እየከተፈች ያለች ሴት እጇን የት እንደምታደርግ አትጨነቅም። ይህ የመጨረሻው የእኔ ልምድ እንጂ ጥናት አይደለም።

ለተነሺው የምለው አንድ ብቻ ነው፦ ፎቶውን እንዳያችሁ አትሰርዙት። ለምን እንደሆነ ከእናቴ ጋር የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ።

እናቴም የአክስቴ እህት ናትና ፎቶ ትሸሻለች። ባለፈው ፋሲካ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ከሁለት ሜትር ርቀት 30 ያህል አነሳኋት። አንዱ በጣም ያምራል። ሳሳያት ዝም ብላ አየችውና «አፌ ጠሟል እኮ» አለች።

አፏ አልጠመመም። እናቴ የምታውቀው ፊት መስታወት ውስጥ ያለውን፣ ግራና ቀኙ የተገለባበጠውን ነው። በ1977 ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ አጥኚዎች ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ የመስታወቱን ገጽታ፣ ጓደኞቻቸው ግን ትክክለኛውን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስልኬ ላይ ገለበጥኩትና መልሼ ሰጠኋት። «እ… ይቺስ ደህና ናት» አለች። ወንድሜና እህቴ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ የመጀመሪያውን መረጡ።

ሁለቱንም አሳተምኩ። የተገለበጠው እሷ መኝታ ቤት ነው። ሌላው፣ እኛ የምናውቃት እናታችን ያለችበት፣ ሳሎን ተሰቅሏል። ለጉርድ ፎቶ ፍለጋ መታወቂያ የምናገላብጥበት ቀን እንዳይመጣ።